የምታጠባውን ማን ይመግባት?

ባለፈው ዓመት በዐቢይ ጾም ወራት፤ ከደብረ ታቦር ከተማ ብዙም በማይርቀው በጋፋት አካባቢ፤ አንዲት እመጫት በቤተ ክርስቲያን ዐጸድ ጥላ ሥር ከነፍስ አባቷ ጋር ስትነጋገር በአጠገባቸው ነበርሁ። ሕፃኑ የሦስት ወር ልጅ ነው፤ በአንቀልባ ታዝሎ ይነጫነጫል። «አባቴ፤ ሌሊቱን ሁሉ ሲያለቅስ ያድራል፤ ወተቴ ሸሸኝ መሰለኝ» አለቻቸው። እርሳቸውም «ልጄ፤ ይህ ጾም አሁን በአንቺ ላይ አይጸናም፤ ብዪ፤ ጠጪ፤ ሕፃኑን አሳድጊ፤ ቤተ ክርስቲያን ፈቅዳልሻለች» ሲሉ መለሱላት። አነጋገራቸው የአባት አነጋገር ነበር፤ ምክራቸውም ትክክል ነበር። ሴቲቱ ግን አንገቷን ደፍታ ጥቂት ከቆየች በኋላ «ፈቃዱንስ አገኘሁ፤ ምኑን ልብላው አባቴ?» አለች። ካህኑ ዝም አሉ፤ እኔም የምለው አጣሁ።

ይህ ጥያቄ የክርክር ጥያቄ አልነበረም። ባሏ ይጾማል፤ አማቷም ትጾማለች፤ በቤቱ ያለው ድስት አንድ ነው፤ እርሱም የጾም ድስት ነው። የላሚቱ ወተት ለፋሲካ ገበያ ቅቤ እንዲሆን በቅሉ ይጠራቀማል። እርሷ ብቻዬን ልብላ ብትል ሌላ ድስት፤ ሌላ እሳት፤ ሌላ ጊዜ ያስፈልጋታል፤ ከዚህም ሁሉ በላይ የጎረቤት ዓይን አለ። ስለዚህ ፈቃዱን ተቀብላ ወደ ቤቷ ስትመለስ የሚጠብቃት ያው ከቀትር በኋላ የሚቀርበው የቤተ ሰቡ ወጥ ነው። ቅዱስ ያዕቆብ በመልእክቱ (ያዕ. 2፥15-16) የተራበውን ሰው የሚያስፈልገውን ሳይሰጡ በመልካም ቃል ብቻ ስለሚያሰናብቱ ሰዎች የጻፈውን እናውቃለን፤ ነገር ግን ያ ነቀፋ በዚህ ጉዳይ እኛን እንደሚመለከት ያሰብን ጥቂቶች ነን።

እንግዲህ ጥያቄው እንዲህ ነው፤ ሕፃን ማጥባት የእናቲቱ የብቻዋ ግዳጅ ነውን? ወይስ ወተቱ የእርሷ ሆኖ ዕዳው የቤቱ ሁሉ ነው? በስብከታችን «እናት ሆይ፤ ልጅሽን አጥቢ» እንላለን፤ የሚገባም ቃል ነው። ግዳጅን የሚያዝ ሰው ግን ግዳጁ የሚፈጸምበትን ነገር ማሰብ ይገባዋል፤ ያለዚያ የሚያዝዘው በሰው ትከሻ ላይ ሸክም ለማሰር ብቻ ይሆናል።

ብዙ ሰው የእናት ጡት ወተት ያለ ዋጋ የሚገኝ ነገር ይመስለዋል፤ ከገበያ አይገዛም፤ ከጎተራ አይወጣም። እውነቱ ግን ሌላ ነው። አንዲት ጤናማ እናት በመጀመሪያዎቹ ስድስት ወራት በቀን ከሊትር ሦስት አራተኛ የሚያህል ወተት ትሰጣለች። ይህን ለማድረግ ከቀድሞው ምግቧ ሌላ በቀን ወደ 500 ካሎሪ የሚደርስ ተጨማሪ ኃይል ያሻታል፤ የጤና ባለሙያዎቻችን የምታጠባ እናት ከዘወትር ምግቧ በላይ በቀን ሁለት ጊዜ ተጨማሪ እንድትመገብ የሚመክሩትም ስለዚህ ነው። ይህ ሳይቀርብላት ሲቀር ወተቱ ወዲያው አይቋረጥም፤ ከሥጋዋ ይወሰዳል፤ ከአጥንቷም ሳይቀር ይወሰዳል። እግዚአብሔር ሕፃኑን እንዲህ ጠብቆታል፤ እናቲቱን የመጠበቁን ነገር ግን ለእኛ የተወው ይመስላል።

በዚህ ላይ አንድ ስሕተት ማረም ያስፈልጋል። የወተት መሸሽ ሁልጊዜ ከምግብ ማነስ ብቻ የሚመጣ አይደለም። ወተት የሚመነጨው ሕፃኑ በጠባው መጠን ነው፤ አራስ ልጅ በቀንና በሌሊት ከ8 እስከ 12 ጊዜ መጥባት አለበት። እናቲቱ ገና ሳይነጋ እንስራ አዝላ ወደ ምንጭ ከወረደች፤ ከዚያም እንጨት ለቀማ፤ ከዚያም አረም ከሄደች፤ ሕፃኑም በአያቱ እጅ ሆኖ በጥብጥና በቅቤ ከተታለለ፤ ጡቷ ሳይጠባ ይውላል፤ ያልጠቡት ጡትም ይቀንሳል። ስለዚህ እመጫት የሚያስፈልጋት ምግብ ብቻ አይደለም፤ ጊዜም ነው። ጊዜ ደግሞ ከሰማይ አይወርድላትም፤ ሌላ ሰው ሸክሟን ሲያነሣላት ብቻ ታገኘዋለች።

ቅዱሳት መጻሕፍት ስለዚህ ነገር ዝም አላሉም። የሳሙኤል እናት ሐና (1ኛ ሳሙ. 1፥21-24) ባሏ ሕልቃና ከቤተ ሰቡ ሁሉ ጋር የዓመቱን መሥዋዕት ሊሠዋ ወደ ሴሎ ሲወጣ አብራው አልወጣችም፤ ልጁ ጡት እስኪተው ድረስ በቤቷ ተቀመጠች። ያቺ ሴት ልጁን በጸሎትና በእንባ ያገኘች፤ ስለቷንም ያልዘነጋች ነበረች። ሆኖም የማጥባቱን ጊዜ ከበዓሉ ጉዞ አስቀደመች፤ እግዚአብሔርም አልነቀፋትም። ሕልቃናም «ሰው ምን ይለናል» ሳይል ደስ እንዳሰኛት እንድታደርግ ፈቀደላት። ስለ ሐና ጸሎት ብዙ እንሰብካለን፤ በቤት ስለ ተቀመጠችባቸው ስለ እነዚያ ዓመታት ግን ስንሰብክ አልሰማሁም።

አባታችን ያዕቆብም ከወንድሙ ከዔሳው ጋር በታረቀ ጊዜ (ዘፍ. 33፥13-14) አብረን እንገሥግሥ ቢለው እንቢ አለ፤ ልጆቹ ጨቅሎች፤ ከብቶቹም የሚያጠቡ ነበሩና አንድ ቀን እንኳ ቢያጣድፏቸው እንደሚሞቱ ነገረው፤ በእነርሱም እርምጃ ልክ ቀስ ብሎ ተጓዘ። የበረታው በደከመው እርምጃ ሄደ እንጂ የደከመው በበረታው እርምጃ እንዲሄድ አልተገደደም። የፈርዖን ልጅ እንኳ አሕዛባዊት ስትሆን ሙሴን እንድታጠባ ለሰጠቻት ሴት ደመወዝ ቈርጣለች (ዘፀ. 2፥9)። ማጥባት ዋጋ የሚገባው ሥራ መሆኑን የግብፅ ቤተ መንግሥት አውቆታል።

አንዳንዶች «እናቶቻችን ጾመው፤ ውሃ ቀድተው፤ ፈጭተው አሳድገውናል፤ ምን ሆንን?» ይላሉ። ይህን የሚናገሩት ያደጉት ናቸው፤ ያላደጉት አይናገሩም። በ2008 ዓ.ም. በአገራችን በተደረገው የሕዝብና የጤና ጥናት በአማራ ክልል ከአምስት ዓመት በታች ካሉት ልጆች 46 ከመቶ የሚሆኑት ቁመታቸው ለዕድሜያቸው ያልደረሰ ሆኖ ተገኝቷል። ይህ ሁሉ ከማጥባት ጉድለት መጣ ማለቴ አይደለም፤ ድህነትም በሽታም አለበት። ነገር ግን የሕፃን ዕድገት መሠረት የሚጣለው በእናቱ ጉያ ስለ ሆነ፤ ምን ሆንን ብሎ መጠየቅ መልሱን መፍራት ሊሆን ይገባዋል።

ጾምን ማቃለሌ እንዳይመስል ደግሞ እላለሁ። የምታጠባ ሴት በፍቅር ልትጾም ትወድዳለች፤ ፍቅሯ የሚመሰገን ነው። ነፍስ አባቷ ጾሙን ሲያቀልላት ግን ያቀለለው ስለ እርሷ ብቻ ሳይሆን አፍ አውጥቶ ሊጠይቅ ስለማይችለው ሕፃን ጭምር ነው። እንግዲህ ፈቃዱ ለእርሷ ብቻ በጆሮዋ ቢነገር ይህ ብቻውን ምን ይጠቅማታል? ባልም ይስማ፤ አማትም ትስማ። «በዚህ ቤት የምታጠባ ሴት አለች፤ ጧት በሶ ወይም ገንፎ፤ ወተቱም ከቅሉ ቀንሳችሁ ስጧት» ተብሎ ለቤቱ ይነገር። የእንስሳቱን ምግብ ኅሊናዋ እንቢ ቢላት እንኳ በጧት የተጠጣ የአጃ አጥሚት፤ የተልባ ውሃ፤ ባቄላና ሽምብራ ለእርሷ መከልከል የለበትም፤ እነዚህ ከጾም ምግብ የወጡ አይደሉም፤ የሚጎድለው ጊዜያቸውና መጠናቸው ነው።

አገራችን ይህን ማድረግ የማታውቅ አይደለችም። ሴት ስትወልድ ጎረቤቱ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» እያለ ይገባል፤ ገንፎ ይገነፋል፤ አጥሚት ይፈላል፤ አራሷ ከእሳት አጠገብ ትቀመጣለች፤ ውሃውን ሌላ ይቀዳል። (የመጀመሪያውን እንገር አፍስሶ ለሕፃኑ ቅቤ ማላሱ ግን ክፉ ልማድ ነው፤ እንገሩ ለሕፃኑ ከበሽታ መከላከያው ነው። ለክርስትና ቀን የሚጠሩት ካህናት ይህን አስቀድመው ቢናገሩ ይሰማሉ።) ወንዱ በ40፤ ሴቷ በ80 ቀን ይጠመቃሉ፤ ደስታም ይደረጋል። ከዚያስ? ከክርስትናው ማግሥት እንስራው ወደ እናቲቱ ጀርባ ይመለሳል። ሕፃኑ ግን እስከ ስድስት ወር ድረስ ከእናቱ ጡት በቀር ውሃ እንኳ አያስፈልገውም፤ የዓለም የጤና ጉባኤ በ1993 ዓ.ም. እንዲህ ብሎ መክሯል፤ ከዚያም በኋላ ሌላ ምግብ እየተጨመረለት እስከ ሁለት ዓመትና ከዚያም በላይ ይጠባል። በ2011 ዓ.ም. በተደረገው ጥናት በኢትዮጵያ ከስድስት ወር በታች ካሉት ሕፃናት በእናታቸው ጡት ብቻ ይመገቡ የነበሩት 59 ከመቶ ነበሩ። የእኛ ርኅራኄ በ40ና በ80 ቀን ያልቃል፤ የሕፃኑ ፍላጎት ግን ገና መጀመሩ ነው።

በዚያው በደቡብ ጎንደር በላይ ጋይንትና በሌሎችም ወረዳዎች የሴፍቲኔት እርዳታ የሚቀበሉ ሰዎች ለሚያገኙት እህል ወይም ገንዘብ መንገድ ይሠሩ፤ እርከን ያበጁ ነበር። በ2007 ዓ.ም. በተጀመረው በአራተኛው ዙር ሥርዓት ግን ነፍሰ ጡርና የምታጠባ ሴት ልጁ ዓመት እስኪሞላው ድረስ ሥራው ቀርቶላት እርዳታው እንዲቀጥልላት ተደነገገ። የመንግሥት ደንብ የማያውቃትን ሴት ለዓመት ከድንጋይ ሸክም ሲያሳርፋት፤ የገዛ ቤቷ፤ የገዛ ማኅበሯ ከእንስራ ሊያሳርፋት እንዴት ያቅተዋል? ለአጨዳ ወንፈል የሚገባ ሰው ለእመጫት ውሃ ወንፈል ቢገባ ምን ይከፋል? ጽዋ የሚጠጡ ሴቶች ተራ አውጥተው በሳምንት አንድ አንድ ቀን ቢቀዱላት፤ ሰንበቴውም ከሚቀርበው ዳቦ ድርሻዋን ወደ ቤቷ ቢልክላት፤ አዲስ ሥርዓት መሥራት አይደለም፤ ያለውን ማራዘም ነው።

ጋፋትን ያነሣሁት ያለ ምክንያት አይደለም። አፄ ቴዎድሮስ ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ ያሠሩት በዚህች ቦታ ነው። ወደ 70 ኩንታል የሚመዝነውን ያን ብረት በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ ከደብረ ታቦር አንሥተው፤ ገደሉን እያስደለደሉ፤ መንገድ እያስጠረጉ፤ ብዙ መቶ ሰው እየጎተተው በመጋቢት መቅደላ አደረሱት። ወደ ስድስት ወር ያህል ፈጀ። ሰው አንድ ነገር የሚያስፈልግ መስሎ ከታየው እንዲህ ይተባበራል።

ወደ ከተማው ስንመጣ ነገሩ መልኩን ይለውጣል። ደብረ ታቦር ዛሬ ሆስፒታልም፤ ዩኒቨርሲቲም፤ ባንክም አላት፤ በእነዚህም እናቶች ይሠራሉ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከወሊድ በኋላ የ90 ቀን ፈቃድ ከደመወዝ ጋር ይሰጣል፤ ለአባት ደግሞ 3 ቀን። (ሦስት ቀን ገንፎውን ለመብላት ይበቃል።) ከ90 ቀን እስከ ስድስት ወር ያለውን ጊዜ እናቲቱ እንዴት ትሙላው? አንዱ መንገድ ወተቷን አልባ ማስቀመጥ ነው። እጇን በሳሙና ትታጠባለች፤ አፈ ሰፊ ኩባያ በፈላ ውሃ ታነጻለች፤ አውራ ጣቷንና ሌባ ጣቷን በጡቷ ጫፍ ዙሪያ ባለው ጥቁር ክብ ዳር አሳርፋ፤ ወደ ደረቷ ገፋ እያደረገች ትጫናለች፤ ትለቃለች። መሣሪያ ያላት በመሣሪያ ታልባለች። የታለበው ወተት ተከድኖ በጥላ ቦታ ለ4 ሰዓት ያህል ጊዜ፤ በማቀዝቀዣ እስከ 4 ቀን ይቆያል፤ ለሕፃኑም በጡጦ ሳይሆን በትንሽ ንጹሕ ኩባያ ማጠጣት ይሻላል። በሥራም ቦታ በየሦስት ሰዓቱ ያህል ካላለበች ጡቷ ይወጠራል፤ ያማታል፤ ወተቱም ይቀንሳል።

ለዚህ የሚያስፈልገው መዝጊያ ያለው አንድ ክፍል፤ አንድ ወንበር፤ የእጅ መታጠቢያ ውሃና ግማሽ ሰዓት ነው። ይህን አጥታ በመጸዳጃ ቤት ቆማ የምታልብ እናት አውቃለሁ፤ የሥራ አለቃዋ ምእመን ነው፤ በየእሑዱ ያስቀድሳል። የጡት ወተት ማለብ «እንደ ላም» ነው ብሎ የሚያላግጥም አለ። እመቤታችን አምላክን በጡቷ አጥብታዋለች ብለን የምናመሰግን ሰዎች በጡት ወተት ማላገጥ እንዴት ይቻለናል? በእኛም ቅጽር ቢሆን ሕፃን የያዘች ሴት በፀሐይና በዝናብ ቆማ ማጥባት የለባትም፤ ከዐጸዱ ሥር ድንጋይ ደልድሎ መቀመጫ ማበጀት ለሰበካው የአንድ ቀን ሥራ ነው።

ከላይ ያነሣኋቸው አባት በሚቀጥለው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ የሴቲቱን ባል ለብቻው ጠርተው ረጅም ጊዜ አነጋገሩት፤ ምን እንዳሉት አልሰማሁም። ከሳምንት በኋላ በዚያው መንገድ ሳልፍ ባልየው ሁለት ጀሪካን በአህያ ጭኖ ከምንጩ ዳገቱን ሲወጣ አገኘሁት። ሰላም ስለው ያፈረ መስሎ አህያይቱን መንዳት ቀጠለ።