ስልክም ቤት ነው፤ ሳያስፈቅዱ አይገቡበትም

ቢስሚላሂ አር-ረሕማን አር-ረሒም



ዛሬ ስለ ስልክ የማያማርር ማን አለ? ኔትወርኩ ሲፈልጉት ይጠፋል፤ ባትሪው በጥድፊያ ሰዓት ያልቃል፤ የምስጢር ቁጥሩ ይረሳል፤ የማናውቀው ሰው ደውሎ «ሽልማት ደርሶዎታል፤ በስልክዎ የገባውን ቁጥር ይንገሩኝ» ይላል። ይህ ሁሉ ያበሳጫል። ነገር ግን ከማበሳጨት አልፎ በአላህ ፊት የሚያስጠይቅ ጉዳይ በዚሁ ስልክ ውስጥ አለ። እርሱም የሰው ምስጢር ነው።

እስቲ ወደ ጎንደር ቅዳሜ ገበያ፣ ወይም ወደ ዳባትና ደባርቅ ገበያ የምትወጣውን የገጠር እናት እናስባት። ፊደል አልቆጠረችም። ልጇ ከዓረብ አገር ገንዘብ ልካላት ይሆናል። ስልኳን ከመቀነቷ ፈትታ ላገኘችው ወጣት ትሰጥና «እስኪ ልጄ፣ ገብቶልኝ እንደሆነ እይልኝ» ትለዋለች። ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ ብሩም ምስጢሩም በአንድ ስልክ ውስጥ ሆኗል። ወጣቱ የምስጢር ቁጥሯን ይሰማል፤ ስንት ብር እንዳላት ያያል፤ ማን እንደላከላትና ማን እንደሚደውልላት ያውቃል። እርሷ ግን የአንድ ጥያቄ መልስ ፈለገች እንጂ ጓዳዬን ፈትሽልኝ አላለችውም።

ስለ ግል መረጃ ጥበቃ ሲነገር ዘወትር የምንሰማው «ቁጥርህን ለማንም አትስጥ» የሚለውን ነው። ምክሩ ትክክል ነው። ማንበብ ለማትችል እናት ግን ምን ይረባታል? ለሰው ካላሳየች ልትጠቀምበት አትችልም። ስለዚህ ሸክሙ የሚወድቀው በተቀባዩ ላይ ነው። ኢስላም ከጥንት ጀምሮ አጥብቆ የያዘውም ይህንኑ ወገን ነው።

አላህ (ሱ.ወ) በሱረቱ-ን-ኑር ሳናስፈቅድና ሰላምታ ሳናቀርብ የሰው ቤት እንዳንገባ አዟል። በሱረቱል ሑጁራትም የሰውን ነውር መሰለልን ከሐሜት ጋር በአንድ አንቀጽ ከልክሏል። ቡኻሪና ሙስሊም በዘገቡት ሐዲስ ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ማበጠሪያ በእጃቸው ይዘው ሳለ አንድ ሰው በቀዳዳ አጮልቆ አያቸው። እጅግ ተቆጡት፤ ማስፈቀድ የተደነገገው በዓይን ምክንያት መሆኑንም ነገሩት። ልብ እንበል! ሰውዬው እግሩን አላስገባም፤ የገባው ዓይኑ ብቻ ነው። የዛሬው ቀዳዳ የስልኩ መስተዋት ነው።

አቡ ዳውድና ቲርሚዚ በዘገቡት ሌላ ሐዲስ ደግሞ አንድ ሰው ነገር አጫውቶን ሲያበቃ ዘወር ብሎ ግራ ቀኙን ካየ ያ ወሬ አማና ይሆናል። «ለሰው እንዳትናገር» ማለት እንኳ አላስፈለገውም። አነስ ኢብን ማሊክ (ረ.ዐ) ልጅ ሳሉ ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ለጉዳይ ልከዋቸው ዘገዩ። እናታቸው ምን እንደነበር ሲጠይቋቸው ምስጢር ነው አሉ። እናትየውም አልተቀየሙም፤ ይልቁንም ለማንም እንዳይናገሩ አጸኑዋቸው። ለገዛ እናት ያልተነገረ ምስጢር! እኛስ ዘንድ ስንቱ ምስጢር ያድራል?

ፒያሳ ወይም አራዳ ስልክ የሚጠግን ወንድማችን መስተዋት ለመቀየር በተሰጠው ስልክ ውስጥ የሰው ቤተሰብ ፎቶ ምን አገባው? ፎቶ ኮፒ ቤት የምትሠራ እህታችን የተበላሸውን የመታወቂያ ቅጂ ሳትቀድ ለምን ትጥላለች? አዲስ ዓለም በተደረገ ሠርግ ላይ እህቶች ሴቶች ብቻ ነን ብለው ሒጃባቸውን አውልቀው የተነሡትን ፎቶ ሳያስፈቅዱ በቴሌግራም መላክስ በየትኛው ፈቃድ ነው? ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው እንደሚባለው፣ ከስልክ የወጣ ፎቶም ተመልሶ አይሰበሰብም። የምስጢር ቁጥር ቢሰረቅ ይቀየራል። የፋይዳ መታወቂያ የተመሠረተባቸው የጣት አሻራና የዓይን ብሌን ግን በሌላ አይተኩም።

የአገሪቱ ሕግም ዝም አላለም። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 26 የሰውን የግል ሕይወት፣ ደብዳቤውንና የስልክ ግንኙነቱን ያስከብራል። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 ወጥቷል። መልካም ነው። ይሁንና የትኛው ዳኛ ነው በገበያ መካከል አንዲት እናትና አንድ ወጣት ስልክ ሲቀባበሉ ቆሞ የሚያየው?

መጋቢት 6 ቀን 2016 ዓ.ም. ሌሊት፣ በረመዳን የመጀመሪያ ሳምንት፣ የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሥርዓት ተዛብቶ ብዙዎች፣ በተለይም የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች፣ በሒሳባቸው ከሌለ ገንዘብ አወጡ። ማሽኑ ተበላሸ እንጂ መመዝገቡን አላቆመም ነበር። በሁለት ሳምንት ውስጥ የብዙ ሰው ስምና ፎቶ በቅርንጫፎች በር ላይ ተለጠፈ። ሰው የሠራው መሣሪያ ይህን ያህል ካልረሳ፣ በግራና በቀኛችን ያሉት ጸሐፊ መላእክት (ኪራመን ካቲቢን) ምን ይረሳሉ? የዚያ ቀን መዝገብ ሲዘረጋ በሰው ስልክ ውስጥ የገባችው ዓይናችንም ትጠየቃለች።

እንግዲህ ወንድሜ ሆይ፣ እህቴ ሆይ! አንዲት እናት ስልኳን ስትሰጥህ የጠየቀችህን ብቻ እይላት። ሰው እንዳይሰማ ቀስ ብለህ አንብብላት። የምስጢር ቁጥሯን በአፏ እንዳትናገር፣ ቁልፎቹን አሳይተህ ራሷ እንድትነካ አስለምዳት፤ እስክትጨርስም ፊትህን አዙር። ያየኸውን እዚያው ተወው። ይህ ትንሽ ነገር ይመስላል፤ ነገር ግን አማና ነው።

አላህ ዓይናችንንና እጃችንን ከሰው ገመና ይጠብቅልን፤ የኛንም ገመና በዱንያም በአኺራም ይሸፍንልን። አሚን።