ጤዛና ጎድጓዳ ሳህን

ሜሪላንድ ውስጥ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ በምትባለው ከተማ፣ አንድ ኢትዮጵያዊ አባት ነበር። ልጁ 12 ዓመት ሲሞላት ለልደቷ ምን እንደምትፈልግ ቢጠይቃት «እስስት» አለችው። ሰውየው ክው አለ። እሱ ባደገበት አገር እስስት አጥር ላይ ብቅ ስትል ልጆች ድንጋይ ያነሡባታል እንጂ ቤት አያስገቧትም። ነገር ግን ለዚህች ልጅ እንቢ የሚልበት አንጀት አልነበረውም። ቅዳሜ ከሥራ ሲወጣ እባብና እንሽላሊት ወደሚሸጥበት ሱቅ ይዟት ሄደ።

ልጅቷ የመረጠቻት ገና የወራት ዕድሜ ያላት፣ አረንጓዴ፣ አናቷ ላይ ቀጥ ብሎ የወጣ አጥንታም ጉብታ ያላት እንስት ነበረች። የዘሯ አገር ከቀይ ባሕር ማዶ ነው፤ የመንና ደቡብ ምዕራብ ሳዑዲ ዓረቢያ። አሜሪካ ውስጥ በየቤቱ ከሚገኙት እስስቶች ብዙዎቹ የዚህ ዘር ናቸው፤ እርባታ ውስጥ ተፈልፍለው ለገበያ ይቀርባሉ።

ይህ አባት ሲሰጥ ቆጥቦ የሚሰጥ ሰው አይደለም። ትልቅ የመስታወት ሣጥን ገዛ፤ የሚያሞቅ አምፖል፣ የፕላስቲክ ቅጠል፣ ጎድጓዳ የሸክላ ሳህን ገዛ። ሳህኑን እስከ አፉ ውሃ ሞላ። ሣጥኑንም እንግዳ ሁሉ እንዲያያት ብሎ ሳሎን ውስጥ ከቴሌቪዥኑ አጠገብ፣ ዝቅ ያለች ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠው።

እሑድ ዘመድ ተሰበሰበ። ልጆቹ እስስቷን እያወጡ ከእጅ ወደ እጅ ተቀባበሏት። ሰውነቷ ጠቆረ፣ ጎኗን ነፋች፣ አፏን ከፍታ ፍሽ አለች። ልጆቹ በሳቅ ፈረሱ። አባትም «ግድ የለም፣ ትለምዳለች» አለ።

አልለመደችም። በሚቀጥሉት ቀናት የሚሰጧትን ፌንጣ ማየት ተወች። በጠራራ ቀን ዓይኗን ጨፍና ትውል ጀመር። ያ እንደ ጉልላት ወጣ ብሎ የሚታየው ዓይኗ ወደ ውስጥ ሰረጎደ። ሳህኑ ግን ሙሉ ነው። አባት ሳህኑን አጠበው፤ ውሃውን ቀየረው፤ የቧንቧው ውሃ ይሆናል ብሎ የታሸገ ውሃ አመጣላት፤ ከዚያም ሰፋ ያለ ሳህን ገዛ። በመጨረሻ ይዞ አፍንጫዋን ውሃው ውስጥ ነከራት። እሷ ተፈራግጣ ወደ ጥግ ሸሸች፣ እሱም ተናደደ። «ውሃው አፍንጫሽ ሥር ነው እኮ! ከዚህ በላይ ምን ላድርግልሽ?» አለ ለእንስሳዪቱ።

በዚያ ቤት አንዲት አያት ነበሩ፤ የአባትዬው እናት። ከሆለታ ከመጡ ገና ዓመት አልሞላቸውም። የራሳቸው ክፍል አላቸው፤ ማቀዝቀዣው ሙሉ ነው፤ ቴሌቪዥኑ የአገር ቤት ጣቢያ ተከፍቶላቸው ይውላል። እሳቸው ግን መስኮቱ ሥር ባለች ወንበር ተቀምጠው መኪና ማቆሚያውን ሲያዩ ነው የሚውሉት። ስለ እስስቷ ማንም አልጠየቃቸውም። ይፈራሉ ተብሎ ነው፤ እውነትም የመጀመሪያው ቀን አማትበው ወደ ክፍላቸው ገብተው ነበር።

አንድ ቀን ትምህርት ቤት ተዘግቶ አያትና የልጅ ልጅ ብቻቸውን ዋሉ። አያት ወንበራቸውን ስበው ሣጥኑ አጠገብ ተቀመጡና ብዙ ቆይተው አዩዋት።

«የኔ እናት፣ ይቺ ፍጥረት ተጠምታለች» አሉ።

«ውሃ አላት እኮ፣ እማማ።»

«ይሄ ውሃ መሆኑን በምን ታውቀዋለች? ልጅ ሆኜ ከብት ላወጣ ማልጄ ስነሣ አጥሩ ላይ እስስት አይ ነበር፤ ቅጠል ስትልስ። ጤዛ ነው የምትጠጣው።»

ከዚያ ብርጭቆ ውሃ አስመጡ። ጣታቸውን እየነከሩ፣ ቤት ሲጠርጉ አቧራው እንዳይነሣ እንደሚያርከፈክፉት፣ ቅጠሉ ላይ ቀስ ብለው ረጩ። ውሃው በፕላስቲኩ ቅጠል ጠርዝ እየተንጠለጠለ ይወርድ ጀመር። ለረጅም ጊዜ ምንም አልሆነም። ልጅቷ ተስፋ ቆርጣ ልትነሣ ስትል አያት እጇን ያዝ አደረጉ።

አንደኛው ዓይን ተገለጠና ወደ ሰዎቹ ዞረ። ሌላኛው ለብቻው ተሽከርክሮ ቅጠሉ ጫፍ ላይ ያለችው ጠብታ ላይ ቆመ። እስስቷ ወደፊትና ወደኋላ እየተወዛወዘች አንድ እርምጃ ሄደች፣ ሌላ ጨመረች። ከዚያ አፏን ገርበብ አድርጋ ያን ወፍራም የምላሷን ጫፍ ጠብታው ላይ አሳረፈች። ራሷን ቀና አደረገች፤ ጉሮሮዋ ሲንቀሳቀስ ይታያል። እንደገና ጎንበስ አለች። አያት ይረጫሉ፣ እሷ ትጠጣለች። ብርጭቆው ሲያልቅ ልጅቷ ሮጣ ሞላችው።

ማታ አባት ገብቶ ይህን ሲሰማ ሁሉንም ነገር እንደ አዲስ ለመጠየቅ ቆረጠ። በሳምንቱም እንዲህ ያሉ እንስሳትን ወደምታክም ሐኪም ወሰዷት። ሐኪሟ የሣጥኑን ፎቶ አይታ ብዙ ነገር አስቀየረቻቸው። መስታወቱ አየር ያፍናል፤ የራሷን መልክ እያሳየም ሌላ እስስት የመጣባት ያስመስልባታልና በወንፊት ሽቦ የተሠራ ረጅም ቤት ይሁን። ዝቅ ያለው ጠረጴዛ ይቅርና ከሰው ዓይን ከፍ ብላ ትቀመጥ፤ ዛፍ ላይ የሚኖር እንስሳ ከላይ የሚያጎነብስበትን ሁሉ እንደ አዳኝ ነው የሚያየው። የሚያሞቀው አምፖል ብቻውን አይበቃም፤ ዩቪቢ የሚባለውን የፀሐይ ጨረር የሚሰጥ ሌላ መብራት ያስፈልጋል። ያ ጨረር ከሌለ ሰውነቷ ቫይታሚን ዲ አይሠራም፤ ቫይታሚኑ ከሌለ ካልሲየሙ አጥንቷ ውስጥ አይገባም፤ እግሯ ይጎብጣል፣ መንጋጋዋ ይለሰልሳል። መስኮት ሥር ማስቀመጥም አይተካውም፤ የመስኮት መስታወት ብርሃኑን አሳልፎ ያን ጨረር ያስቀረዋል። ፌንጣውም ራሱ ቅጠላ ቅጠል በልቶ የጠገበ፣ የካልሲየም ዱቄት የተነሰነሰበት ይሁን። እጅ ደግሞ ይቅር፤ ይህ እንስሳ በመታቀፍ አይደሰትም።

ልጅቷ አንድ ነገር ጠየቀች። ቡናማ ጠረጴዛ ላይ ስትቀመጥ ለምን ቡናማ አልሆነችም? ሐኪሟ፣ እስስት የተቀመጠችበትን ነገር ለመምሰል ብላ አይደለም ቀለም የምትቀይረው አለቻት። ብርድና ሙቀት፣ ፍርሃት፣ ቁጣ፣ የወሲብ ፍላጎት ነው ቀለሟ ላይ የሚወጣው። እ.ኤ.አ. በ2015 የጄኔቫ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የማዳጋስካርን አንድ የእስስት ዘር መርምረው እንዳሳዩት፣ ከቆዳው ሥር ባሉ ሕዋሳት ውስጥ ጥቃቅን ክሪስታሎች አሉ። እንስሳው ሲረጋጋ ይጠጋጋሉ፣ ሲቆጣ ይራራቃሉ፤ በመካከላቸው ያለው ርቀት ሲለወጥ ከቆዳው ተንጸባርቆ የሚመለሰው ብርሃንም ይለወጣል። የዚያን እሑድ መጥቆሯ ጨዋታ አልነበረም። ሰውነቷ የሚችለውን ያህል ተናግሮ ነበር።

ሐኪሟ ሌላም አስጠነቀቀች። እስስት ሕመሟን ትደብቃለች፤ ዱር ውስጥ ድካሟ የታየባት ቀድማ ትታደናለችና። ስለዚህ ደህና መሰለች ብላችሁ አትተዉ፤ ዓይኗን እዩ፣ ኩሷን እዩ። ከኩሷ ጋር የሚወጣው ነጭ ነገር ወደ ብርቱካንማ ከዞረ ውሃ አንሷታል።

የወንፊቱ ቤት ገባ። አያት መስኮት ላይ ይንከባከቡት ከነበረው ሰፋፊ ቅጠል ያለው ተክል አንዱን ሰጧት። ጠዋት ጠዋት ቅጠሉን የሚያረጥቡት እሳቸው ሆኑ።

ወራት አለፉና እስስቷ መብላት አቆመች። ከላይ ወደ ታች እየተመላለሰች የተክሉን አፈር ትጭር ጀመር። አባት እንደገና ደነገጠ። አያት ሆዷን አይተው «የምትወልድ ሴት ናት፣ ቦታ እየፈለገች ነው» አሉ። ልጅቷ ወንድ የለም ብላ ተከራከረች፤ ሐኪሟን ደውለው ሲጠይቁ ግን አያት ልክ ነበሩ። የዚህ ዘር እንስት ወንድ ሳያገኛትም እንቁላል ትጥላለች፤ የማይፈለፈል እንቁላል ነው፣ ግን የምትቆፍርበት ካጣች ሆዷ ውስጥ ቀርቶ ይገድላታል። 30 ሴንቲ ሜትር ያህል ጥልቀት ያለው ባልዲ ርጥብ አሸዋ ሞልተው አስገቡላት። መቆፈር ስትጀምር ሰው ካየች ጉድጓዱን ጥላ ትወጣለችና ልጅቷ የአያቷን ነጠላ ተውሳ ቤቱን በዙሪያው ሸፈነችው። ማየት የምትወደውን ነገር እንዳታይ ራሷን ከለከለች። ነጠላው ሲገለጥ እስስቷ ቀጥናና አቧራ ለብሳ ቅርንጫፉ ላይ ነበረች፤ አሸዋው ውስጥ ከ30 በላይ ነጫጭ እንቁላሎች ተገኙ። አያት ወዲያው ውሃ ይረጩላት ጀመር።

ምሳሌው እዚህ ያበቃል። ስለ እስስቷ ነው፤ አዲስ እስስት ቤቱ ያስገባ ሰው ቃል በቃል ቢይዘው ደስ ይለኛል። ግን ስለ አያቲቱም ነው።

ከአገር ቤት እናቶቻችንን ስናመጣ ብዙዎቻችን ያ አባት ነን። ቪዛ ለማግኘት ዓመታት እንለፋለን፣ ትኬት እንቆርጣለን፣ ክፍል እናዘጋጃለን። ከዚያ እናት ዝም ሲሉ፣ ሲከሱ፣ ከምሳ ላይ ሁለት ጉርሻ ወስደው «በቃኝ» ሲሉ ልባችን ይሰበራል፤ ልባችን ሲሰበር ደግሞ እንቆጣለን። ምን ጎደለባት? ሁሉ አለ እኮ! ዕቃውን እንጨምራለን፤ ትልቅ ቴሌቪዥን፣ ወፍራም ብርድ ልብስ። የሰጠነው በእውነት ውሃ ነው፤ ፍቅራችንም እውነት ነው። ሆለታ ላይ ግን የእናት ውሎ በአንድ ዕቃ ተሞልቶ አይቀርብላትም ነበር። ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ መንገድ ላይ አሥር ሰው ይስማታል። ጎረቤት ጨው ብሎ ይመጣና ወሬ ይዞ ይቀመጣል። አንዷ ልጇን እንድትመርቅላት ትልካለች፤ ሌላዋ በርበሬዋ ቅመሙ በቅቶት እንደሆነ እንድትቀምስላት ትጠራታለች። ቀኑን ሙሉ በጠብታ ይደርሳታል፤ እሷም ይህ መጠጥ መሆኑን ነው የምታውቀው።

ደግሞም አትናገርም። «እንዴት ነሽ እማዬ?» ሲባሉ «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ» የማይሉ እናት አላውቅም። ልጃቸው እንዳይጨነቅ ነው። ስለዚህ ቃላቸውን ሰምቶ ሥራ መሄድ አይበቃም። ስንት ቀን ነጠላቸውን ለብሰው ከቤት እንደወጡ፣ ከሰው ጋር ሲሆኑ ድምፃቸው ከፍ ማለቱን፣ ወንበራቸው ወዴት እንደዞረ ማየት ነው። በእንግዳ ፊት እያወጡ «እናቴ መጣች» ብሎ ከማሳየት ይልቅም፣ ራሳቸው የሚያዝዙበት፣ በራቸውን ዘግተው የሚጸልዩበት፣ ማንም የማያያቸው ቦታ መስጠት ይበልጣል።

ሁለት ፈረቃ የሚሠራ ሰው ቆሞ ቅጠል ሲያረጥብ አይውልም፣ ይህ ያሳስበኛል። እስስት የሚያሳድጉ ሰዎች ግን ለዚህ መላ አላቸው። የፕላስቲክ ኩባያ ሥሩን በመርፌ ይበሱና ውሃ ሞልተው ከቤቱ በላይ ያኖሩታል፤ እነሱ ሥራ ላይ ሳሉ ጠብታው ቅጠሉ ላይ ሲወርድ ያረፍዳል። ለእናትም እንዲህ ማድረግ ይቻላል። በዚያው ሕንፃ የሚኖሩ ሌላ እናት ካሉ ሁለቱን ማስተዋወቅ፣ እሑድ በመኪና የሚወስዳቸው ሰው ማግኘት፣ የቤቱን ቡና ቆልተው የሚያፈሉት እሳቸው እንዲሆኑ መለመን። ሜሪላንድ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ሲሆን ሆለታ ከቀኑ 9 ወይም 10 ሰዓት ነው፤ የከሰዓት ቡና የሚቀርብበት፣ ጎረቤት የሚሰበሰብበት ጊዜ። በዚያ ሰዓት ወደ ሆለታ የቪዲዮ ጥሪ ለማድረግ አምስት ደቂቃ ይበቃል። ልጁ ስልኩን ከፍቶ፣ ከስኒው አጠገብ አስደግፎ አቁሞላቸው ወደ ሥራው ይሂድ።