ደርሷል ብሎ የሚፈርም

ቦሌ ቡልቡላ፣ ከ93 ማዞሪያ ገባ ብሎ፣ አምስት እድሮች ነበሩ እንበል። ሦስቱን ያቋቋሙት የኮንዶሚኒየም ነዋሪዎች ናቸው። አራተኛው አካባቢው ገና የእርሻ መሬት ሳለ ያርሱት የነበሩ ገበሬዎች እድር ነው፤ አምስተኛው የሴቶች እድር። ሐዘን ሲመጣ ድንኳንና ወንበር ይዋዋሳሉ፤ ከዚያ ውጭ አይገናኙም ነበር።

ያገናኛቸው ውሃ ነው። ውሃው በፈረቃ ይመጣል፤ ፈረቃውም ይዘላል። እያንዳንዱ እድር ለብቻው ማመልከቻ ቢያስገባ መልሱ “ተራችሁን ጠብቁ” ሆነ። ስለዚህ ኅብረት መሠረቱና ሰባት ሰው መረጡ። ሰብሳቢው በጡረታ ላይ ያሉ ርእሰ መምህር፣ ገንዘብ ያዡ የሕንፃ መሣሪያ ነጋዴ፣ ጸሐፊው የባንክ ሠራተኛ ነበሩ። ሰባቱም የተመሰገኑ ሰዎች ናቸው። ከኪሳቸው የታክሲ እየከፈሉ ቢሮ ለቢሮ ተመላለሱ፤ ከመዋጮውም አንድ ብር አልጎደለም። በመጨረሻም ፈረቃው ተስተካከለ፤ ውሃው በቀኑና በሰዓቱ መምጣት ጀመረ።

በጠቅላላ ጉባኤው ሰብሳቢው ሪፖርታቸውን “ውሃ ለሁሉም ደርሷል” ብለው ዘጉ። ቤቱ በጭብጨባ ተናጋ። ከሴቶች እድር የመጣች፣ አራተኛ ፎቅ ተከራይታ ልብስ እያጠበች የምትኖር እናት ተነሣች።

“ጋሼ፣ ስለ ድካማችሁ እግዜር ይስጥልን። ግን ለሁሉም ሲሉ ማንን ቆጥረው ነው? እኔ ዛሬም በጀሪካን ተሸክሜ ነው ደረጃ የምወጣው።”

ገንዘብ ያዡ ተቆጡ። “ሰርቃችኋል ማለትሽ ነው?”

“ኧረ ሎቱ ስብሐት! እንዲህ አይወጣኝም። እናንተ ቤት ሲገባ ደረሰ ብላችሁ ጻፋችሁ ነው የምለው።”

ነገሩ ሲጣራ እውነት ሆነ። ከሰባቱ አምስቱ የሚኖሩት ምድር ቤትና አንደኛ ፎቅ ነው። አንዳንዶቹ ፓምፕ ገጥመው ከመስመሩ በቀጥታ ወደ ሮቷቸው ይስቡ ነበር። ፓምፑ ሲነሣ የመስመሩ ግፊት ይወድቃል፤ ውሃው ወደ ላይ መውጣት ያቅተዋል። በመስመሩ ጫፍ ያለው የገበሬዎቹ መንደርም የሚያገኘው ጠብታ ነው። ኮሚቴው ለሁሉም ያመጣውን ውሃ፣ የኮሚቴው ቤት ሳያውቅ ያስቀረው ነበር።

ወጣቶች ጮኹ፦ “ይውረዱ! እርሷ ትምረጥልን!” ሴትየዋ ግን እጇን አወዛወዘች።

“እኔን መርጣችሁ ሮቶ ብትገዙልኝ፣ ለከርሞ እኔም ደርሷል ብዬ እጽፋለሁ።”

ያን ጊዜ ከገበሬዎቹ እድር አንድ አዛውንት ተናገሩ። “ሰብሳቢያችን ሰብሳቢ ይሁኑ፤ መምራት ያውቁበታል። ነገር ግን ‘ደርሷል’ የሚለው ቃል ቃለ ጉባኤው ላይ እንዳይጻፍ፣ ውሃው መጨረሻ የገባለት ሰው ካልፈረመበት በቀር። እርሱ እስኪፈርም ጉዳዩ አይዘጋ። የእርሱ ቤት ሲሞላ ደግሞ ቀጥሎ መጨረሻ የሚሆነው ይፈርም።”

ጸሐፊው መዝገቡን ከፈተና ቆም አለ። መተዳደሪያ ደንቡ አባል የሚለው ባለቤትን ብቻ ነው፤ ተከራይ ፊርማ የለውም። ስለዚህ በዚያው ቀን ደንቡን አሻሻሉ። በፈረቃው የመጀመሪያ ሰዓታት ፓምፕ እንዳይነሣም ወሰኑ፤ መጀመሪያ ያጠፉት ገንዘብ ያዡ ነበሩ። ሴትየዋ በሦስተኛው ስብሰባ ፈረመች። ፊርማው ከእርሷ ወደ መስመሩ ጫፍ፣ ወደ ገበሬዎቹ መንደር ሄደ።

ምሳሌው ለፍትሕ የተሰበሰቡ ኅብረቶችን ለሚመሩ ሁሉ ነው። የምሳሌው ኮሚቴ ሌባም ሰነፍም አልነበረም። ስሕተቱ፣ ሥራው መሳካቱን የሚመሰክረው ራሱ መሆኑ ነው። መሪን መምረጥ አንድ ነገር ነው፤ የመሪውን ሥራ “ተፈጽሟል” የማለት ሥልጣን ለማን እንደተሰጠ መወሰን ግን ሌላ፣ ብዙ ጊዜም የሚረሳ ነገር ነው።

ሀገራችን ለዚህ የሚሆን ልምድ አላት። እድር የተቋቋመው ለቀብር ነው፤ በ1990ዎቹ ግን ኤች አይ ቪ ኤድስ ቤት ለቤት ሲገባ፣ በአዲስ አበባ በርካታ እድሮች አባሉን ከመቅበር በፊት በሕይወት ሳለ ማስታመምና ወላጅ አልባ ልጆችን መደገፍ ጀመሩ። ውሳኔው ከአባላቱም የመነጨ ነበር። ድንኳኑን በየሳምንቱ የሚተክለውና መዋጮውን በየወሩ የሚከፍለው አባል፣ ችግሩ ማን ቤት እንደደረሰ በዓይኑ ያይ ስለነበር ነው።

ስለ ማኅበራት የወጡ ሕጎች ታሪክም ይህንኑ ያሳየናል። አዋጅ ቁጥር 621/2001 ከገቢያቸው ከ10 በመቶ በላይ ከውጭ የሚያገኙ ድርጅቶች በሰብዓዊ መብት ሥራ እንዳይሰማሩ ሲከለክል፣ በርካታ የመብት ድርጅቶች ተዳከሙ። እድርና እቁብን ግን አዋጁ አልነካቸውም፤ በአባሎቻቸው መዋጮ ቀጠሉ። አዋጅ ቁጥር 1113/2011 ያን ገደብ አንሥቶ በሩን ከፈተ። በሩ መከፈቱ መልካም ነው፤ ነገር ግን ከሩቅ ገንዘብ የሚያገኝ መሪ ሪፖርቱን የሚጽፈው ለሩቁ ሰው ሊሆን ይችላል፤ የሩቁ ሰው ደግሞ አራተኛ ፎቅ ወጥቶ ቧንቧ አይከፍትም። የመዋጮ ኩራትም ብቻውን አያድንም። የጋራ ሕንፃ ቤት ባለቤትነት አዋጅ ቁጥር 370/1995 የሕንፃውን ማኅበር የባለቤቶች አድርጎታል፤ ብሎኮቹን ከሞሉት ነዋሪዎች መካከል ግን ብዙዎቹ ተከራዮች ናቸው። ድምፅ ለከፋይና ለባለቤት ብቻ ከተሰጠ፣ ፍትሕ በጣም የሚያስፈልገው ሰው ከመዝገቡ ውጭ ይቀራል።

ስለዚህ ኅብረት የምትመሩ ሁሉ፣ መተዳደሪያ ደንባችሁን አውጥታችሁ አንድ አንቀጽ ጨምሩበት፦ ሪፖርት የሚጸድቀው ጥቅሙ መጨረሻ የሚደርሰው ሰው ሲመሰክር ነው፤ ያ ሰው አባል ካልሆነ አባል ይደረጋል። ቅን መሪ በዚህ አንቀጽ ሥልጣኑ አይጎድልበትም፤ ይልቁንም ሥራው እውነት መሆኑን የሚያረጋግጥለት ምስክር ያገኛል።