ለማን እናነባለን?



ሰው በአንድ ቀን አንባቢ አይሆንም። እንደ ሰውነቱ ሁሉ ንባቡም ይወለዳል፣ ይድሃል፣ ቆሞ ይሄዳል፤ የሚመግበው ካጣም ይቀጭጫል። ስለ ንባብ ጥቅም ብዙ ጊዜ ስለ ተነገረ እኛ ያንን አንደግምም። በዚህች አጭር ጽሑፍ ልናነሣው የፈለግነው ጥያቄ ሌላ ነው። ለመሆኑ ከሕፃንነቱ ጀምሮ ሲያነብ የኖረ ሰው ንባቡ አደገ የሚባለው መቼ ነው? ብዙ መጻሕፍት ሲጨርስ ነው ወይስ ሌላ መለኪያ አለው?

ከራሳችን እንጀምር። ጎሮ ያደግን የዚህ ማኅበር ልጆች አብዛኞቻችን ፊደልን ያወቅነው በቤተ ክርስቲያን ግቢ በዛፍ ጥላ ሥር ነው። የኔታ ፊት ተደርድረን በስንደዶ እየጠቆምን ሀሁ አልን፤ አቡጊዳን ቆጠርን፤ ከዚያም መልእክተ ዮሐንስን በግእዝ፣ በውርድና በቁም ንባብ ተለማመድን፤ የበረታውም ዳዊት ደገመ። ይሁን እንጂ ከምናነበው አብዛኛው አይገባንም ነበር። ቋንቋው ግእዝ ነው፤ የግእዙ አገባብ የሚታወቀው ቅኔ ቤት፣ ምሥጢሩ የሚፈታው ደግሞ ትርጓሜ ቤት ስለ ሆነ ሕፃን እዚያ እስኪደርስ ድረስ የሚያነበው በአፉ ብቻ ነው። በዚያው ሰዓት የሙስሊም ጎረቤቶቻችን ልጆች የእንጨት ሰሌዳቸውን ይዘው ቁርኣን ይቀሩ ነበር። እነርሱም ዐረብኛ አይሰሙም። ማታ አብረን ኳስ ስንጫወት «የእናንተው ምን ይላል?» ብንባባል መልስ የሚሰጥ ከሁለታችንም ወገን አልተገኘም።

ይህን አይተው «ሳይገባው የሚያነብ ልጅ ጊዜውን አባከነ» የሚሉ አሉ። እኛ በዚህ አንስማማም። የባሌ ገበሬ ስንዴውን ዛሬ ዘርቶ ነገ አያጭድም። በዚያን ጊዜ ያገኘነው ትርጉም ባይሆንም ትዕግሥት ነው፤ ዐይን ፊደል ሳይዘል መሄድን ተማረ፤ ልብም የተጻፈ ነገር እንደ ተራ ወሬ እንደማይጣል ዐወቀ። ነገር ግን ዘርቶ መተውም አዝመራ አያደርስም። በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 8 የተጻፈውን የአገራችንን ሰው እናስታውስ። ጃንደረባው በጋዛ መንገድ በሠረገላው ተቀምጦ ትንቢተ ኢሳይያስን ያነብ ነበር። ፊልጶስ የጠየቀው ስለ ማንበቡ ሳይሆን ስለ ማስተዋሉ ነው። ያ ትልቅ ባለ ሥልጣን የንግሥቲቱን ግምጃ ቤት የሚያዝዝ ሲሆን የሚመራው ሰው እንደሚያስፈልገው ለመናገር አላፈረም። ለእኛ ግን ይህን መናገር ብዙ ጊዜ ይከብደናል።

ሁለተኛው የንባብ ዕድሜ የታሪክ ዕድሜ ነው። ዐማርኛውን አቀላጥፈን ማንበብ ስንጀምር ሽፋኑ የወለቀ፣ የመጨረሻ ገጾቹ የጎደሉ ልብ ወለድ በእጃችን ይገባና መጨረሻውን ራሳችን ፈጥረን እንጨርሰዋለን። በ1958 ዓ.ም. የታተመውን የሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» አንዳንዶቻችን ከማንበባችን በፊት የምናውቀው ወላጆቻችን ሲተርኩልን ነው፤ እነርሱም ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ ሲተርከው ሰምተውት ነበር። ይህ የሚያስረዳን ንባብ በዐይን ብቻ እንዳልሆነ ነው። አንድ ሰው አጥርቶ ቢያነብ ፊደል ያልቈጠረውም የመጽሐፉ ባለቤት ይሆናል። በዚህ ዕድሜ ግን የምናነበው ለደስታችን ነው፤ ማንበብም የራሳችን ብቻ ሀብት ይመስለናል።

አለመሆኑን ያወቅነው በኀፍረት ነው። ስምንተኛ ክፍል ሳለን በሰፈራችን ማንበብ የማይችሉ አንዲት እናት ነበሩ። ልጃቸው ለሥራ ዐረብ አገር ሄዶ ስለ ነበር በስልክ የሚልክላቸውን መልእክት ከእኛ ከልጆቹ መካከል ያገኙት ያነብላቸው ነበር። መልእክቱ በኦሮምኛ፣ በቁቤ የተጻፈ ነው፤ እኛ ደግሞ ፊደሉን ከየኔታ፣ ቁቤውን ከትምህርት ቤት ተምረናል። አንድ ቀን ሦስት ሆነን ስናልፍ ጠሩንና ስልኩን ሰጡን። ልጁ ገንዘብ እንደሚልክ፣ ለበዓል ግን እንደማይመጣ፣ ታሞም ሆስፒታል ተኝቶ እንደ ነበር ጽፏል። እርስ በርሳችን ተያየን። ገንዘቡን አነበብን፤ በዓሉን አነበብን፤ ሕመሙን ዘለልነው። እናቲቱ መረቁን፤ ቆሎ ዘግነው ሰጡን። ደግ የሠራን መስሎን ሄድን።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ነገሩን ከሌላ ሰው ሰሙ። አልተቈጡንም። በኦሮምኛ የነገሩን ወደ ዐማርኛ ሲመለስ እንዲህ ነበር። «ልጆቼ፣ ያነበባችሁልኝ መስሎኝ ነበር፤ ለካ መርጣችሁልኝ ኖሯል። ያን ቀን ብሰማ በዚያው ሌሊት ዱዓ አደርግለት ነበር።» ከዚያ በኋላ ስልካቸውን ይዘው ወደ ሌላ ሰፈር ይሄዱ ጀመር።

በአገራችን «የተማረ ይግደለኝ» ይባላል። ያላነበበ ሰው ባነበበ ሰው ላይ የሚጥለው እምነት ይህን ያህል ነው። እኛ ያን እምነት በአንድ መስመር አጐደልነው። ከሦስታችን አንዱ እስከ ዛሬ «ያደረግነው ለርኅራኄ ነው» ብሎ ይከራከራል። ርኅራኄ መኖሩን አንክድም። ግን ርኅሩኅ አንባቢ ክፉውን መስመር ዘልሎ አይሄድም፤ አንብቦ አብሮ ይቀመጣል። እኛ የዘለልነው እንባቸውን ማየት ፈርተን፣ ለራሳችን አዝነን ነበር።

ሦስተኛው ዕድሜ አሁን ያለንበት የፈተና ንባብ ነው። ዩኒቨርሲቲ የገባን ሁሉ እናውቀዋለን፤ የሚያልፍበትን ገጽ ፈልጎ ማንበብ፣ በፈተናው ማግስት መርሳት። በስልካችንም ቀኑን ሙሉ እናነባለን፤ የሚስማማንን እናቆማለን፤ የማይስማማንን በጣታችን እንገፋለን። እንግዲህ ብናስተውለው ያ የልጅነት ጥፋታችን አልተወንም ማለት ነው። ያን ጊዜ ለሌላ ሰው መረጥን፤ ዛሬ ለራሳችን እየመረጥን ነው።

ከእኛ በፊት የነበሩት ወጣቶች የንባብን ዕዳ በሌላ መንገድ ከፍለዋል። አስቴር ጋኖ በልጅነቷ በጆሮዋ የሰማችውን የኦሮሞ ተረትና ሥነ ቃል በቃሏ ይዛ ጻፈችው፤ በ1894 እ.ኤ.አ. ከአናሲሞስ ነሲብ ጋር በግእዝ ፊደል ባሳተመችው የኦሮምኛ ማንበቢያም ለሌሎች አተረፈችው። በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ደግሞ ብዙ ተማሪዎችን ወደ ገጠር አሰማርቶ፣ በኋላ በ15 ቋንቋዎች አስተምሯል። በ1980 እ.ኤ.አ. የዩኔስኮን የማንበብና የመጻፍ ሽልማት አግኝቷል። ኦሮምኛ በዚያ ዘመቻ የተጻፈው በግእዝ ፊደል ነበር፤ ከ1984 ዓ.ም. ወዲህ በቁቤ ይጻፋል። ፊደሉ ቢለዋወጥም ለማያነብ ወገን የማንበብ ግዴታ አልተለወጠም።

ስለዚህ ወደ መጀመሪያው ጥያቄያችን ስንመለስ፣ መልሳችን ይህ ነው። ሕፃን ለመምህሩ ያነባል፤ ልጅ ለደስታው፣ ተማሪም ለፈተናው ያነባል። ንባቡ አደገ የሚባለው ግን ሙሉውን ሳይቀንስና ሳይጨምር ለሌላ ሰው ማንበብ ሲችል፣ ያልገባውንም «አልገባኝም» ብሎ ለመጠየቅ ሳያፍር ነው። የመጻሕፍቱ ቍጥር ከዚህ በኋላ ይመጣል።

ወንድሞችና እኅቶች! በመጪው የዕረፍት ጊዜ ወደ ጎሮ ስንመለስ እያንዳንዳችን ማንበብ ለማይችሉ ለአንድ እናት ወይም ለአንድ አባት ለማንበብ ቃል እንግባ። የሚነበበው የልጅ መልእክት፣ የሐኪም ወረቀት ወይም የቀበሌ ማስታወቂያ ሊሆን ይችላል። እኛ ሦስታችንም ከዚያች እናት ደጅ እንጀምራለን። ስልካቸውን ይሰጡን እንደ ሆነ ገና አናውቅም፤ ቢሰጡን ግን መስመር አንዘልልም።

እግዚአብሔር ማስተዋሉን ለሁላችን ያድለን።