በፍርሃት ምክንያት ትምህርቱን ለተወ ጕልማሳ የተጻፈ ምክር

ወዳጄ ሆይ፤ ዐሥራ ሁለተኛ ክፍልን ሳትፈጽም ትምህርትህን ተውህ፤ እነሆ ዕድሜህ ከ30 ዓመት አልፏል። ዛሬ በማታ ትምህርት ቤት ልትፈጽመው ትመኛለህ፤ ነገር ግን ከደጁ በደረስህ ጊዜ ልብህ ይመታል፥ እጅህ ያልበዋል፥ እስትንፋስህም ያጥርብሃል፤ ወደ ቤትህም ትመለሳለህ። ጎረቤት ሰነፍ ይልሃል፤ አንተም ራስህን እምነት የጎደለው ትለዋለህ። ይህ ግን ቅን ፍርድ አይደለም።

ነቢዩ ኤልያስን አስብ። በቀርሜሎስ ተራራ በንጉሥና በሕዝብ ፊት ያልፈራው ሰው፥ የኤልዛቤልን ዛቻ በሰማ ጊዜ ወደ ምድረ በዳ ሸሸ፤ ከክትክታ ዛፍ በታችም ተቀምጦ ሞትን ለመነ። እግዚአብሔር በዚያች ሰዓት አልገሠጸውም፤ መልአኩን ልኮ እንጐቻና ውኃ ሰጠው፥ እንዲተኛም ተወው፥ ዳግመኛም አበላው። ከዚያም በኋላ 40 ቀንና 40 ሌሊት ሄዶ ኮሬብ ደረሰ፤ በዚያም ሌላ ሥራ ተሰጠው። እንግዲህ የፈራ ሁሉ እምነት የለውም የሚል ሰው ኤልያስን ምን ይለዋል?

ሐኪሞች ይህን ነገር የጭንቀት ሕመም ይሉታል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደ ገለጠው በ2019 እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር 301 ሚሊዮን ሰዎች ይህ ሕመም ነበረባቸው። ጠባዩም እንዲህ ነው፤ ሰው ከሚፈራው ነገር በሸሸ ጊዜ ለጥቂት ሰዓት ያርፋል፤ ስለዚህም መሸሽን ይለምዳል፥ ፍርሃቱም ዕለት ዕለት ይገዝፋል። መድኃኒቱ በጥቂት በጥቂቱ መቅረብ ነው። በመጀመሪያው ቀን እስከ ደጁ ሂድና ልብህ እስኪረጋ ቁም፤ በሌላው ቀን ከበሩ አጠገብ አንድ ክፍለ ጊዜ ተቀመጥ፤ ከዚያም ሁለት። መምህርህንም ለብቻው አግኝተህ ነገሩን ንገረው። ቡና አታብዛ፥ ጫትም አትንካ፤ ድንጋጤን ያብሳሉና።

በጥቅምት 2015 ዓ.ም. የዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ በተሰጠ ጊዜ፥ ተፈታኞች ከቤታቸው ርቀው አደሩ። እንዲህ ያለ ቀን ድንገት እንዳያገኝህ አስቀድመህ ተለማመድ፤ በማታውቀው ስፍራ፥ በሰዎች መካከል ተቀምጠህ፥ ሰዓት ቆጥረህ ያለፉትን ፈተናዎች ሥራ።

ይህ ሁሉ ካልበቃህ ወደ ሐኪም ሂድ፤ በምክርም በመድኃኒትም የሚታከም ሕመም ነውና። ጸሎትህን አትተው፤ ነገር ግን ከሐኪም መሸሸጊያ አታድርጋት። ኤልያስ እንጐቻው በቀረበለት ጊዜ ተነሥቶ በላ እንጂ፥ እጸልያለሁ ብሎ አልገፋውም።

እናንተም ቤተ ሰቦች ሆይ፤ ጕልማሳው ከልጆች ጋር ተቀምጦ ሲማር ብታዩት አትሳቁበት። ልጁን ያዙለት፥ ራቱን አቆዩለት፥ ብቻውን መሄድ ባቃተውም ቀን እስከ ደጁ ሸኙት።

ወዳጄ ሆይ፤ ፍርሃቴ ሲጠፋ እጀምራለሁ አትበል፤ ሳትጀምር አይጠፋምና። ዛሬ ማታ እስከ ደጁ ብቻ ሂድ። ኤልያስን ያጸና አምላክ አንተንም ያጽናህ።