የማሳወቅ ዕዳ

የአንድ ሰው መስማት መድከሙን የሚነግረው ወገን፣ ከነገረው በኋላ ምን ዕዳ ይኖርበታል የሚለው ጥያቄ፣ ምርመራው ድምፅ በማያስገባ ክፍል፣ በውድ መሣሪያና በጥቂት ባለሙያዎች እጅ ብቻ በነበረበት ዘመን እምብዛም የሚያስጨንቅ አልነበረም፤ የሚመረምረውና የሚያክመው አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ጣሪያ ሥር ነበሩና።

ስልክ ሁለቱን ለያያቸው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ያወጣው መተግበሪያ ሦስት ሦስት አኃዞችን በሁካታ ውስጥ ያሰማል፤ ተመርማሪው የሰማቸውን በስልኩ ላይ ይነካል፤ በትክክል ከመለሰ ቀጣዮቹ ከሁካታው አንጻር ይደክማሉ፣ ከሳተ ይጎላሉ፤ በዚህ መንገድ ግማሹን ያህል ጊዜ በትክክል የሚለይበት ወሰን ይገኛል። የሚለካው በአኃዞቹና በሁካታው መካከል ያለው ልዩነት እንጂ የድምፁ ፍጹም መጠን ስላልሆነ፣ ልዩ ክፍል አያሻውም። (አኃዞቹ በቋንቋው ያልተቀረጹለት ሰው ሲሳሳት ግን ጥፋቱ የጆሮው ይሁን የቋንቋው መለየት ያስቸግራል።)

እንዲህ ያለው ሥራ ልየታ ይባላል፤ አመመኝ ብለው ካልመጡ ሰዎች መካከል የሚያሠጋቸውን መርጦ ማውጣት ማለት ነው። ዊልሰንና ዩንግነር እ.ኤ.አ. በ1968 ለዚሁ ድርጅት ባዘጋጁት ጽሑፍ ካሰፈሯቸው 10 መርሖች መካከል፣ ለሚገኘው ችግር ተቀባይነት ያለው ሕክምና፣ ለማረጋገጫ ምርመራውና ለሕክምናውም ተቋም መኖር እንዳለበት የሚደነግጉት ይገኙበታል። መርሑ ቃል በቃል ከተያዘ፣ የጆሮ ሐኪም በሌለበት ወረዳ ስልኩን መክፈት ስሕተት ይሆናል፤ ይህ ግን ድኻ ሳይታከም መቅረቱ ሳያንስ እንዳያውቅም መፍረድ ነው። ደግሞም ከችግሩ ከፊሉ በኩክ መደፈን ወይም መግል በሚያወጣ የጆሮ ኢንፌክሽን የሚመጣ ስለሆነ በጤና ጣቢያ ይታከማል፤ ለቀረውም ቢሆን፣ ተማሪውን ከፊት ወንበር ከማስቀመጥ አንሥቶ የሚደረግለት አይጠፋም። መርሑ የሚጸናው በሌላ በኩል ነው፦ ሐኪም ያማክሩ ብሎ ብቻ የሚያሰናብት ስልክ፣ ሐኪሙ በሌለበት አገር፣ ዕዳውን ከራሱ አውርዶ በተመርማሪው ጫንቃ ላይ ይጭናል።

በማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 7 የተጻፈውን፣ መስማት የተሳነውን ሰው፣ ክርስቶስ የፈወሰው ከሕዝቡ ለይቶ ብቻውን ወስዶ ነው፤ በፈውሱ የተደነቀ አንባቢ ይህን ቶሎ ያልፈዋል። በትምህርት ቤት በሚደረግ ልየታ፣ ማዳመጫ ያደረገ ልጅ ከስልኩ ቀጭን ወይም ወፍራም ድምፅ በሰማ ቁጥር እጁን ያነሣል፤ ምርመራው በጓደኞቹ ፊት ከሆነ፣ እጁ ያልተነሣው ልጅ ውጤት በስልኩ ከመመዝገቡ በፊት በክፍሉ ሁሉ ይታወቃል። ስለዚህ ዕዳው ከሕክምናው አስቀድሞ፣ ልጁ ከሚመረመርበት ስፍራ ይጀምራል፤ ገለል ያለ ስፍራ መፈለግ ደግሞ የጆሮ ሐኪም ከማግኘት እጅግ የሚቀል በመሆኑ፣ ይህን ያላደረገ መርማሪ የአገሩን ድህነት ሰበብ ሊያደርግ አይችልም።