ደመናው ለማን ያምራል?

የተፈጥሮን ገጽታ በፎቶግራፍ የሚያነሣ ሰው ከሌላው የጥበብ ሰው ይልቅ የሰማይ ጥገኛ ነው። ሠዓሊ ፀሐይ ባትወጣ በቀለሙ ሊያወጣት ይችላል፤ ባለ ካሜራው ግን ያልፈነጠቀ ብርሃን አያነሣም። ባሕሩ በገደላማ ተራሮች መካከል ጠልቆ በገባባት በኖርዌይ፣ ዕረፍቱን ለማሳለፍ የሄደ ጐብኚ ጉሙ እስኪገለጥለት ቀኑን ሙሉ ተቀምጦ ይጠብቃል። በእኛም አገር በዐውደ ዓመት ሰሞን ወደ ሱሉልታ ሜዳ፣ ወደ ቡራዩ ገፈርሳ ወይም ወደ ሰበታው ወጨጫ ተራራ ካሜራውን አንግቶ የወጣ ሰው የመስከረምን ሰማይ ጠባይ ያውቀዋል። ጧት ብራ ነው፤ እኩለ ቀን ሲሆን ደመናው ይቆለላል፤ ከቀትር በኋላ ያጉረመርማል። ይህን ተለዋዋጭ ሰማይ ፎቶግራፍ አንሺ ይወደዋል፤ ጥርት ካለው ሰማይ ይልቅ ብርሃንና ጥላ የሚታገሉበት ሰማይ ለሥዕል ይስማማልና።

ነገር ግን ከዚህ ደስታ ሥር አንድ ከባድ ጥያቄ ተቀብሮ ይገኛል። ይኸውም፦ ሌላውን ሰው የሚያስጨንቀው ነገር ለእኔ ያማረ እንደ ሆነ፣ በዚያ ውበት መደሰቴ ነውር ነውን? ጥያቄው ለዚህ ጽሑፍ አቅራቢ ከመጽሐፍ የመጣ አይደለም፤ ከጥቂት ዓመታት በፊት በእንቁጣጣሽ ማግስት ለገዳዲ ላይ የገጠመው ነው።

ለገዳዲ ከአዲስ አበባ በስተሰሜን ምሥራቅ፣ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ትገኛለች። በኦሮምኛ ‹‹ለገ›› ወንዝ፣ ‹‹ዳዲ›› ደግሞ ጠጅ ማለት ነው። በ1960ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ የተሠራው ግድብ ለዋና ከተማይቱ የመጠጥ ውሃ ያቀርባል። ክረምት በሆነ ጊዜ ከየማሳው የታጠበው ቀይ አፈር ወደ ሐይቁ ስለሚገባ ውሃው ይደፈርሳል፤ ተጣርቶ ነው ለከተሜው የሚደርሰው። እኔም ከአጥሩ ርቄ፣ ከአንድ ኮረብታ ላይ ሆኜ፣ ይህ ድፍርስ ውሃ የሰማዩን ሰማያዊ ቀለም የሚያንጸባርቅበትን ሰዓት እጠባበቅ ነበር። ከኮረብታው ግርጌ የስንዴ ማሳ ተዘርግቷል፤ በዳር በዳሩ አደይ አበባ ፈክቷል፤ በስተደቡብ የረር ተራራ ደብዝዞ ይታያል።

ወደ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ከምሥራቅ በኩል ጥቁር ደመና ተነሣ። ፀሐይዋ በስተምዕራብ ከደመናው ጠርዝ በታች ሾልካ ማሳውን ወርቅ አስመሰለችው። ከላይ እንደ ከሰል የጠቈረ ሰማይ፣ ከታች የሚያበራ ስንዴ። በሕይወቴ እንደዚያ ያለ ብርሃን አላየሁም። ደጋግሜ አነሣሁ። በዚህ መካከል አንድ በዕድሜ የገፉ ገበሬ ከማሳው ዳር ወደ እኔ መጡና፣ ‹‹ልጄ፣ ይህ የዝናብ ደመና አይደለም፤ የበረዶ ነው። ቶሎ ወደ ቤት እንግባ›› አሉኝ። ‹‹አንድ ጊዜ ብቻ ላንሣ፣ አባቴ›› አልኋቸው። ጠበቁኝ። ማሳው የእርሳቸው መሆኑን ያወቅሁት ከቤታቸው ከገባን በኋላ ነው።

በረዶው በቆርቆሮው ጣራ ላይ ሲወርድ እርስ በርስ መደማመጥ አልተቻለም። ባለቤታቸው ከበዓሉ የተረፈ ድፎ ዳቦ ቈርሰው ሰጡኝ። ሽማግሌው ከደጃፉ ቆመው ወደ ማሳው ይመለከቱ ነበር። ሩብ ሰዓት ያህል ቆይቶ አባራ። ስንወጣ ስንዴው እንደ ሰሌን ምንጣፍ መሬት ላይ ተኝቷል። ካሜራው አንገቴ ላይ ተንጠልጥሎ ነበር፤ ነገር ግን እጄን ወደ እርሱ ማንሣት አሳፈረኝ።

በኋላ ነገሩን ሳሰላስለው ውበቱና ጥፋቱ ከአንድ ምንጭ መውጣታቸውን ተረዳሁ። ከሞቀው መሬት ሽቅብ የሚነሣው እርጥብ አየር ደመናውን ከፍ አድርጎ ይቆልለዋል፤ በላይኛው ብርድ ውሃው ረግቶ ጠጠር ይሆናል፤ በደጋ አገር ደግሞ ቀዝቃዛው አየር ለመሬት ቅርብ ስለሆነ በረዶው ሳይቀልጥ ይወርዳል። ያን ጥቁረት ለሥዕሌ ያበደረኝ ይኸው የደመናው ቁልል ነበር። ስለዚህ ‹‹ውበቱን እወዳለሁ፣ ጥፋቱን እጠላለሁ›› ብሎ ሁለቱን መለያየት አይቻልም።

ጀርመናዊው ፈላስፋ ኢማኑኤል ካንት እ.ኤ.አ. በ1790 ባሳተመው መጽሐፍ፣ ማዕበልና መብረቅ ግርማቸው የሚማርከን እኛ ራሳችን ከአደጋ በራቀ ስፍራ ስንሆን መሆኑን አስረድቷል። አባባሉ እውነት ነው፤ ዳሩ ግን ያልተጠየቀ ነገር ይቀራል። ያ ከአደጋ የራቀ ስፍራ የማን ነው? ለእኔ ከአደጋ የራቀው ስፍራ የሽማግሌው ጣራ ነበር። እርሳቸው ደግሞ እኔን ከጣራቸው ሥር ቢያስገቡም ማሳቸውን የሚያስገቡበት ጣራ አልነበራቸውም። በመኖሪያ ቤቴም የምጠጣው ውሃ ከዚያው አካባቢ የሚወርድ ነው። ተመልካች ራሱን ነጻ አድርጎ ይቈጥራል እንጂ፣ የቆመበት መሬት ሁሉ ከሌላ ሰው የተበደረው ነው።

እንግዲህ ከእንዲህ ያለው ውበት ዓይንን መመለስ ይገባልን? አይመስለኝም። እኔ ባላነሣው ኖሮ ከስንዴው አንዲት ዘለላ አትተርፍም ነበር። ዓይን ያማረውን ነገር አምሮ ማየቱ ፈቃድ አይጠይቅም፤ ስለዚህ ወንጀል ሊባል አይችልም። ነውሩ የሚጀምረው፣ የወሰድነውን ወስደን ከዚያ በኋላ የሆነውን ለመስማት ሳንመለስ ስንቀር ነው። ሥዕሉን ከግድግዳ ሰቅዬ እንግዶች ‹‹እንዴት ያለ ብርሃን ነው!›› ባሉኝ ቁጥር ዝም ብዬ ምስጋናውን ስቀበል፣ ያን ጊዜ በእርግጥ ሐሰተኛ ነበርሁ። ሥዕሉ አልዋሸም፤ የዋሸው ዝምታዬ ነው።

በኅዳር ወር ሥዕሉን አሳትሜ ወደ ለገዳዲ ተመለስሁ። ሽማግሌው ይቈጡኛል ብዬ ፈርቼ ነበር። ወረቀቱን በሁለት እጃቸው ተቀብለው ብዙ ጊዜ ተመለከቱት። ስለ ደመናው አንዳች አልተናገሩም። ጣታቸውን ከማሳው ላይ አሳርፈው፣ ‹‹እዚህ ላይ ገና ቆሟል›› አሉ። ቀጥለውም ባለቤታቸውን ጠርተው አሳዩ። ‹‹አየሽ፣ ዘንድሮ እንዲህ አምሮ ነበር›› አሏቸው። እኔ የደመና ሥዕል ነው ብዬ የሠራሁት ለእነርሱ የስንዴ ሥዕል ነበር፤ የደከሙበት ነገር ከንቱ እንዳልነበረ የሚመሰክር። ሥዕሉ ከእነርሱ ዘንድ ቀረ።

ዛሬ በቤቴ ያለው ሌላ ቅጂ ነው። ከሥሩ ‹‹ለገዳዲ፣ መስከረም 2 ቀን፤ ከዚህ በኋላ በረዶ ወረደ›› የሚል ጽፌበታለሁ። የሚያየው ሰው መጀመሪያ ብርሃኑን ያደንቃል፤ ቀጥሎ ጽሑፉን ያነባል፤ ከዚያም ብዙውን ጊዜ ‹‹ማሳው የማን ነበር?›› ብሎ ይጠይቀኛል። እኔም ተቀምጬ እነግረዋለሁ።